የሱስ ምርመራ በሕዝቡ መለኪያ ይሁን

አንድ የልማት ሠራተኛ ገበሬውን የመሬቱን ስፋት በሄክታር ሲጠይቀው መልሱ በጥማድ ይመጣል። ምርቱንም የሚነግረው በቁና ነው። ሠራተኛው ጥማዱን ወደ ሄክታር መመለስ ካላወቀ የመዘገበው ቁጥር ሁሉ ከንቱ ነው። የሱስ ሕመምን በሚመረምሩ የጤና ባለሙያዎች ላይም የሚደርሰው ችግር ይኸው ነው።

የሱስ ሕመም እንደ ወባ በደም ጠብታ አይለይም። የደም ወይም የሽንት ምርመራ ሰውየው መጠጣቱን ሊያሳይ ቢችልም ሱስ እንደያዘው አያረጋግጥም። ሐኪሙ ሕመሙን የሚለየው በዋነኛነት ጠይቆ ነው። የአሜሪካ የአእምሮ ሐኪሞች ማኅበር በ2005 ዓ.ም. ባወጣው መመሪያ 11 ምልክቶች ተዘርዝረዋል። ካሰቡት በላይ መውሰድ፣ ለመተው ሞክሮ አለመቻል፣ ሐራራ፣ ሥራንና ቤተሰብን መበደል፣ ሲያቆሙ መታመም ከነዚህ ውስጥ ይገኛሉ። በ12 ወር ውስጥ 2 ወይም 3 የታዩበት ሕመም ቀላል፣ 4 ወይም 5 የታዩበት መካከለኛ፣ 6ና ከዚያ በላይ የታዩበት ከባድ ይባላል። ስለዚህ በማኅበርና በደቦ ቀን ጠላ የጠጣ ሁሉ በሽተኛ አይደለም።

የዓለም ጤና ድርጅት ያዘጋጀው ባለ10 ጥያቄ ቅጽ ደግሞ በቀን ስንት መጠጥ እንደሚጠጣ ይጠይቃል፤ አንድ መጠጥ ማለትም 10 ግራም ንጹሕ አልኮል ነው። ታዲያ ከገጠር መጥቶ በኮልፌ ቀራንዮ፣ በዓለም ባንክ ሰፈር ቀን ጉልበቱን ሸጦ ማታ ዓረቄ ቤት የሚገባው ሠራተኛ ይህን በምን ያሰላው? እሱ የሚያውቀው መለኪያና ብርሌ ነው። ጠላው እንደ ጠማቂዋ ይለያያል፤ ዳግም ዓረቄም ከተራው ይበረታል።

በጫትም በኩል እንዲሁ ነው። እንቅልፍ አጣሁ ብሎ የመጣው ሰው ስለ ዙርባው ሲጠየቅ ይመልስ ይሆናል፤ ከምርቃናው በኋላ ለጨብሲ የሚጠጣውን ግን ካልጠየቁት አይናገርም። በሐረርጌ ጫት ያቋረጠ ሰው በእንቅልፉ የሚያስጨንቀው ሕልም ዱካክ ይባላል። ቃሉን የማያውቅ ሐኪም ነገሩን ሌላ በሽታ አድርጎ ሊጽፈው ይችላል።

ስሕተቱ እንደ ቀላል የሚታይ አይደለም። በየቀኑ አብዝቶ የሚጠጣ ሰው በአንድ ጊዜ ሲያቆም ሊያንዘፈዝፈው፣ አልፎም ሊገድለው ይችላል። ጠዋት እጁ የሚንቀጠቀጠውን ሰው ሐኪም ሳያየው «ዛሬውኑ ተው» ብሎ ወደ ቤቱ መስደድ፣ ወይም ዘመዶቹ ጠበል ብቻ ይዘውት እንዲሄዱ መተው ለአደጋ ማጋለጥ ነው።

በ1995 ዓ.ም. የተጀመረው የጤና ኤክስቴንሽን ሥራ ባለሙያዎችን በየቀበሌው አሰማርቷል። እነሱም የየአካባቢውን መለኪያ፣ ጣሳና ብርሌ ይዘት ቢለኩ፣ ጤና ጣቢያውም ወደ ግራም መልሶ ሠንጠረዡን በመመርመሪያ ክፍሉ ግድግዳ ላይ ቢለጥፍ ወጪው ይህን ያህል የሚከብድ አይሆንም።