«ኔትወርክ የለም» ከማለታችን በፊት



ኢንተርኔት በተቋረጠ ቁጥር በየግቢው የሚሰማው ቃል አንድ ነው፤ «ኔትወርክ የለም!» ይባላል። ከዚያ ወይ መሥሪያ ቤቱ ይረገማል፣ ወይ ጎረቤት ይጠረጠራል። ይህን የምንለው ሌላውን ለመውቀስ አይደለም፤ እኛው ራሳችን አድርገነዋል። አንድ ጎረቤታችን አጥራቸውን ሲያሳድሱ «መስመራችንን ቆረጡት» ብለን ሳምንት ሙሉ ተኮራርፈናል። ኋላ ሲታይ መስመሩ ደህና ነው። ብልሽቱ የነበረው በገዛ ኮምፒውተራችን ላይ፣ አንድ ዘመድ እረዳለሁ ብሎ በእጁ በሞላው ቁጥር ነው። ዋይፋዩን በእጅ ስልክ ሞክረን ቢሆን ኖሮ በአምስት ደቂቃ ይታወቅ ነበር። ሄደን ይቅርታ ጠየቅን፤ እሳቸውም ቡና አፍልተው ተቀበሉን፤ ኀፍረቱ ግን እስካሁን አለ።

ስለዚህ በበኩላችን የምንለው፣ ምርመራው ከቅርብ ጀምሮ ወደ ሩቅ ይሂድ ነው። በመጀመሪያ የራውተሩ መብራቶች ይታዩ። ፋይበር በገባበት ቤት ኤል ኦ ኤስ የሚለው መብራት ቀይ ከሆነ ብርሃኑ በገመዱ እየደረሰ አይደለምና ኮምፒውተሩን መነካካት ከንቱ ድካም ነው፤ ይልቅስ ቀጭኑ ገመድ ከሶፋ ሥር ተጣጥፎ ወይም ተነቅሎ እንደሆነ ይታይ። በስልክ መስመር ለሚጠቀሙ ደግሞ ዲ ኤስ ኤል የሚለው ሳያቋርጥ መብራት አለበት፤ ብልጭ ድርግም ካለ ራውተሩ ከመስመሩ ጋር ገና አልተገናኘም።

መብራቱ ደህና ከሆነ ወደ ኮምፒውተሩ መዞር ነው። በዊንዶውስ ላይ ኮማንድ ፕሮምፕት የሚባለውን ጥቁር መስኮት ከፍቶ «አይፒኮንፊግ» ብሎ መጻፍ ነው፤ አጻጻፉ በላቲን ፊደል መሆኑ አይዘንጋ። የሚታየው አድራሻ በ169.254 ከጀመረ ኮምፒውተሩ ከራውተሩ ቁጥር አላገኘም። ካገኘ ግን «ፒንግ» በሚለው ትእዛዝ መጀመሪያ ራውተሩን መጥራት ነው፤ ቁጥሩ ዲፎልት ጌትዌይ ከሚለው ፊት ለፊት የተጻፈው ነው፣ በብዙ ቤት 192.168.1.1 ይሆናል። ቀጥሎ 8.8.8.8 የሚባለውን የሩቅ አድራሻ መጥራት። (ፒንግን በ1983 እ.ኤ.አ. የጻፈው ማይክ ሙስ የተባለ አሜሪካዊ ነው፤ ይኸው ዛሬም ይሠራል።)

ራውተሩ ካልመለሰ ጣጣው እዚያው ቤት ውስጥ ነው፤ ዋይፋዩን ትቶ በኬብል መሞከር ይበጃል። ራውተሩ መልሶ ሩቁ ዝም ካለ፣ ያኔ መስመሩን መጠርጠር ይቻላል። ሁለቱም እየመለሱ ገጾች በስማቸው አልከፈት ካሉ፣ የታመመው ስምን ወደ ቁጥር የሚመነዝረው ዲ ኤን ኤስ ነው። የእኛም ጉድ ይኸው ነበር። ታዲያ እንዳይፈጸም የፈረደ ነገር የለም፤ አንዳንድ ማሽን ለፒንግ እንዳይመልስ ተደርጎ የተዘጋ ስለሆነ፣ አንዱ ዝም አለ ተብሎ በአንዴ አይፈረድ።

ኧረ ስለ መርፌውም እንናገር! ራውተሩን አጥፍቶ ማብራት ሌላ፣ በትንሿ ቀዳዳ መርፌ ሰክቶ መጫን ሌላ። መርፌው ራውተሩን እንደ አዲስ ያደርገዋል፤ የዋይፋዩን ስምና የይለፍ ቃል፣ የመስመሩም መግቢያ ተሞልቶበት ከሆነ እሱን ጭምር ያጠፋል። ልጆች እንዳይነኩት ይነገራቸው።

ባለሙያ የሚጠራ ሰው የተቋረጠበትን ሰዓት፣ የመብራቶቹን ሁኔታና የትኛው አድራሻ እንደመለሰ በብጣሽ ወረቀት ጽፎ ይጠብቀው። ብቻቸውን ለሚኖሩ አዛውንቶች ደግሞ ይህን የሚሞክርላቸው ወጣት ከየብሎኩ አንድ አንድ ቢመደብ የሚል ሐሳብ ለማኅበሩ ኮሚቴ አቅርበናል፤ ፈቃደኛ የሆናችሁ ስማችሁን ለጸሐፊው አስመዝግቡ።