የከተማ ጭሰኛ

ባለፈው ሰሞን አንድ የሥጋ ዘመዴ ከመርጡለ ማርያም ስልክ ደወለልኝ። አስተማሪ ነው። ሰላምታ ተለዋውጠን የቤተሰቡን ደኅንነት ከጠየቅሁት በኋላ፣ «አከራዬ ከመጪው ወር ጀምሮ ወይ ጨምር፣ ወይ ቤቱን ልቀቅ ብለውኛል» አለኝ። ይህ ብርቅ ወሬ አይደለም፤ ከአዲስ አበባ ስንሰማው ኖረናል። ያስገረመኝ ቀጥሎ የተናገረው ነው። «አያታችን ጠመንጃ አንሥቶ አልሆንም ያለውን ጭሰኛ፣ እኔ ዲግሪ ይዤ ሆንኩት» አለና ሳቀ። እኔ ግን መሳቅ አልቻልኩም።

ለወጣት አንባቢዎቼ ነገሩን ላብራራ። በንጉሡ ዘመን ጭሰኛ ማለት የሰው መሬት አርሶ ከምርቱ ሢሶ ወይም እኩሌታ ለባለመሬቱ የሚያስረክብ፣ ባለመሬቱ በተቆጣ ጊዜ ጓዙን ጠቅልሎ የሚነሣ ሰው ነበር። ይህ ዕዳ በአብዛኛው የወደቀው በደቡቡ አገር ላይ ነው። በጎጃም ርስት የተነፈገ ባለእጅ ባይጠፋም፣ ገበሬው በብዛት ባለርስት ነበር። ርስቱ ጠባብና ሙግት የበዛበት ሊሆን ይችላል፤ ቢሆንም ከአያት ከቅድመ አያቱ የወረሰው ነው። በ1960 ዓ.ም. የሞጣ፣ የቢቸናና የደጋ ዳሞት ገበሬ አዲሱን የእርሻ ገቢ ግብር አልቀበልም ብሎ የተነሣው፣ መሬቱ ተለክቶ የሚወሰድበት ስለ መሰለው ነው። መንግሥት ጦር አዘመተበት፤ በመጨረሻ ግን ውዝፉን ግብር እስከ መማር ደረሰ። የዚያ ገበሬ የልጅ ልጅ ነው እንግዲህ ዛሬ «ልቀቅ» የተባለው።

እንዴት እዚህ ደረስን? ጥፋቱን ሁሉ በአከራይዋ ላይ መጫን ቀላል ነው። እኒህ ሴት ግን ባላቸው የሞተባቸው፣ ጡረታቸውም ያች የሚያከራዩዋት ክፍል የሆነች እናት ናቸው። ጤፍና ዘይት የሚገዙት ዘመዴ ከሚገዛበት ገበያ ነው። ኪራይ ባይጨምሩ ጦማቸውን ያድራሉ። ሁለቱንም የሚገርፋቸው አለንጋ አንድ ነው፤ የብር መርከስ ይባላል።

እስቲ ሒሳቡን እናስላ። በደርግ ዘመን በዲግሪ የተመረቀ ሰው የመነሻ ደመወዝ በወር 500 ብር ነበር። አንድ ዶላር በ2 ብር ከ7 ሳንቲም ይመነዘር ስለነበር፣ ይህ ከ240 ዶላር በላይ ነው። በ1985 ዓ.ም. መጀመሪያ ምንዛሪው 5 ብር ሆነ፤ ከዚያ ወዲህ ቁልቁለቱ አልቆመም። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ምንዛሪው ለገበያ ሲለቀቅ፣ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ 100 ብርን ተሻገረ። በ2018 ዓ.ም. መግቢያ የዲግሪ ምሩቅ መነሻ ደመወዝ 11,500 ብር እንዲሆን ተወሰነ። በቁጥር 23 እጥፍ አድጓል፤ ወደ ዶላር ሲመነዘር ግን ያኔ 80 ገደማ ነበር። «ደመወዝ ተጨመረ» እየተባለ ሁለት ሦስተኛው ተቀነሰ ማለት ነው።

«የመርጡለ ማርያም መምህር ከዶላር ጋር ምን አገናኘው?» የሚል አይጠፋም። ቤቱ ያገናኘዋል። እንጨቱ ከባሕር ዛፉ፣ ጭቃና ጭዱም ከዚያው ከአገሩ ይገኛል፤ በደቦ ይማገራል፣ በደቦ ይመረጋል። የቆርቆሮውና የምስማሩ ብረት ግን ባሕር ተሻግሮ ይመጣል። ዶላር በተወደደ ቁጥር ጣራው ይወደዳል፤ ጣራው ሲወደድ አዲስ ቤት የሚሠራው ሰው ይቀንሳል፤ የተሠራውም ኪራዩ ይንራል።

የባሰው ግን ሌላ ነው። የባንክ ቁጠባ ዝቅተኛው ወለድ ከ2010 ዓ.ም. ጀምሮ 7 በመቶ ነበር። በ2014 ዓ.ም. የዋጋ ንረቱ ከ30 በመቶ በላይ ሆነ። በዚያ ዓመት መቶ ብር ያስቀመጠ ሰው 107 ብር ሲቀበል፣ በመቶ ብር ይገዛው የነበረው ዕቃ ከ130 ብር አልፎ ጠበቀው። እንዲህ ባለ አገር ብልህ ሰው ገንዘቡን ባንክ አያስቀምጥም፤ ቦታ ይገዛበታል፣ ቆርቆሮ ይመታበታል። ቤት መጠለያ መሆኑ ቀርቶ የገንዘብ መሸሸጊያ ሆነ። ነጋዴውም፣ ከውጭ አገር ብር የሚላክለትም፣ ሹሙም የሚሻሙት ያችኑ ቁራሽ ቦታ ነው። በወር ደመወዙ የሚያድር ሰው ከእነዚህ ጋር ምን ብሎ ይጫረታል?

መሬቱስ? በ1967 ዓ.ም. የካቲት ላይ የገጠሩ፣ ሐምሌ ላይ ደግሞ በአዋጅ ቁጥር 47 የከተማው መሬትና ትርፍ ቤት የመንግሥት ሆኑ። ኪራይ በአዋጅ ተቀነሰ፤ እስከ 100 ብር የሚከራየው ቤትም ለቀበሌ ተሰጠ። ለተከራይ ትልቅ እፎይታ ነበር። ነገር ግን ለኪራይ ቤት መሥራት ስለተከለከለ፣ ቤቱ ባለበት ቆመ፤ ሕዝቡ ግን በዛ። በ1986 ዓ.ም. ሊዝ መጣ፤ በ1994 እና በ2004 ዓ.ም. በአዳዲስ አዋጆች ተተካ፤ ጨረታውም ጠነከረ። በገጠር ደግሞ በ1989 ዓ.ም. መሬት ተሸነሸነ። ያን ጊዜ ሕፃን የነበረው ጎልምሶ ድርሻዬ ሲል የሚከፈል መሬት አልነበረም፤ ወደ ከተማ ገባና ተከራይ ሆነ።

በ2016 ዓ.ም. የወጣው የቤት ኪራይ ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 1320 በጎ ነገር አለው። ውል ከሁለት ዓመት እንዳያንስ፣ ጭማሪ በዓመት ከአንድ ጊዜ እንዳያልፍ፣ ቅድሚያ ክፍያም ከሁለት ወር ኪራይ እንዳይበልጥ ይደነግጋል። ይህ ጥበቃ በወረዳ ከተማ ላለው ተከራይም በእውነት ሊደርሰው ይገባል። ግን ከ1967ቱ እንማር፤ አዋጅ ኪራይ ይይዛል እንጂ ቤት አይሠራም። ቤት የሚያሠራው ቦታ፣ ብድርና ሰላም ነው።

ስለዚህ የምለው አጭር ነው። አንደኛ፣ መንግሥት መሬቱን በሕዝብ ስም ከያዘ፣ ለሕዝቡ የሚሰጠው በጨረታ ብቻ መሆን የለበትም። በማኅበር ተደራጅቶ የሚቆጥብ መምህር፣ ነርስና የቀን ሠራተኛ በትንንሽ ከተሞች ቦታ በተቆረጠ ዋጋና በተቆረጠ ቀን ይሰጠው። ሁለተኛ፣ ለቤት የሚቆጠብ ብር በዋጋ ንረት የማይበላበት ወለድ ይታሰብለት። የቤቶችና ቁጠባ ባንክ የሚባል ነበረን፤ ስሙ ኮንስትራክሽንና ቢዝነስ ባንክ ተባለ፤ በ2008 ዓ.ም. ደግሞ ከንግድ ባንክ ጋር ተቀላቀለ። ያን ሥራ ለወረዳ ከተሞች የሚሠራ ተቋም ያስፈልጋል። ሦስተኛ፣ ጠመንጃው ይብቃ። መንገድ በተዘጋ ቁጥር ቆርቆሮና ሲሚንቶው ዋጋው በእጥፍ ይደርሳል፤ ከገጠር የሸሸውም ሰው ከተማ ገብቶ ያችኑ ክፍል ይሻማል።

እኔ ልጅ በነበርኩበት ጊዜ መምህር ማከራየት ክብር ነበር። «እኛ ቤት መምህር አለ» ብሎ የሚኮራ ቤተሰብ አውቃለሁ፤ ከቤቱ ልጆች ጋር መብራት አብርቶ ያስጠና ነበርና። ዛሬ ያው መምህር ሰሌዳ ላይ እየጻፈ የወሩን መጨረሻ ይቆጥራል። ጉዳቱ የእሱ ብቻ አይደለም፤ ፊቱ የተቀመጡት ልጆች ናቸው።

ዘመዴን ምን አልኩት? «ሴትዮዋን በሽማግሌ አነጋግር» አልኩት። አነጋግሮ ግማሹን ማሩት፤ እስከሚቀጥለው ዓመት። ባልቴትና መምህር በሽማግሌ ተስማሙ። የቀረው የመንግሥት ድርሻ ነው፤ እሱንስ ማን በሽማግሌ ያነጋግርልን?

ቸር ወሬ ያሰማን።