የጉርሻ ገንዘብና የገቢ ግብር፦ ግልጽ ደብዳቤ ለገንዘብ ሚኒስቴር

ለገንዘብ ሚኒስቴር
ግልባጭ፦ ለድሬዳዋ አስተዳደር ገቢዎች ባለሥልጣን
ድሬዳዋ

ጉርሻ ደንበኛው ከሒሳቡ በላይ ወዶ ለሠራተኛው የሚተወው ገንዘብ ነው። በድሬዳዋ ከከዚራ ካፌዎች እስከ መጋላ ምግብ ቤቶች ድረስ ለብዙ አስተናጋጆች፣ አልጋ አንጣፊዎችና ሻንጣ ተሸካሚዎች የቤት ኪራዩ የሚከፈለው በደመወዝ ሳይሆን በዚሁ ገንዘብ ነው። ለግሉ ዘርፍ ዝቅተኛ የደመወዝ ወለል ባልተወሰነበት አገር ቀጣሪው ትንሽ ደመወዝ የሚቆርጠው ቀሪውን ደንበኛው ይሞላዋል ብሎ ነው።

የፌዴራል ገቢ ግብር አዋጅ ቁጥር 979/2008 በድሬዳዋም ይሠራል። አዋጁ ከመቀጠር የሚገኝ ገቢን ሲተረጉም በደመወዝ አይወሰንም፤ ከሥራው ጋር የተያያዘ ሌላ ክፍያንም ይይዛል። የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ደግሞ በአንቀጽ 53 ከደንበኞች የሚሰበሰብ የአገልግሎት ክፍያን ከደመወዝ ትርጉም አውጥቶታል። ከደንበኛ የመጣው ገንዘብ እንግዲህ ግብር ሲታሰብ ገቢ ነው፤ ጡረታ ሲታሰብ ግን ደመወዝ አይደለም። የግል ድርጅት ሠራተኛ 7 በመቶ፣ አሠሪው 11 በመቶ የጡረታ መዋጮ የሚከፍሉት በደመወዙ ልክ ስለሆነ፣ ዕድሜውን በጉርሻ የኖረ አስተናጋጅ ሲያረጅ የሚጠብቀው አበል በዚያች ትንሽ ደመወዝ የተሰላ ነው። ከጉርሻው ግብር ይቆረጥ የሚል ክርክር ይህን ሳያነሣ መጀመር አይገባውም።

በ2017 የተሻሻለው አዋጅ ከግብር ነፃ የሆነውን የወር ገቢ ከ600 ወደ 2,000 ብር ከፍ አድርጓል። ለምሳሌ የ3,000 ብር ደመወዝተኛ በወር 150 ብር ግብር ይከፍላል። 4,000 ብር ጉርሻ ቢደመርበት ግብሩ 900 ይሆናል። ይህ በደህናው ወር ነው። የድሬዳዋ ሆቴሎች ግን ዓመቱን ሙሉ እኩል አይሠሩም፤ ታኅሣሥ 19 እና ሐምሌ 19 የቁልቢ ገብርኤል ምእመናን ሲጎርፉ አልጋ ይጠፋል፣ ጉርሻውም ይበረክታል። በዚያ ወር ያው ሠራተኛ 9,000 ብር ጉርሻ ቢያገኝ፣ በ12,000 ብር ላይ የሚታሰበው ግብር 2,250 ብር ነው። ግብሩ በየወሩ ስለሚሰላ የታኅሣሥ ሲሳይ የየካቲትን ድርቀት አያካክስም።

ጉርሻ ከግብር ነፃ ይሁን የሚለውን ሐሳብ የሚቃወሙ ሰዎች መከራከሪያም ቀላል አይደለም። በሲሚንቶ ፋብሪካ 7,000 ብር የሚከፈለው ሠራተኛ 900 ብሩን በየወሩ ይቆረጥበታል፤ አስተናጋጁ በተመሳሳይ ገቢ 150 ብር ብቻ ከከፈለ ፍትሑ የት አለ? ደመወዝን «ጉርሻ» ብሎ የሚመዘግብ ቀጣሪ እንደማይጠፋም መገመት አያቅትም።

በአሜሪካ ይኸው ክርክር ሕግ እስከመሆን ደርሷል። ዶናልድ ትራምፕ ሐሳቡን በ2016 ሰኔ ያነሡት ብዙ ኢትዮጵያውያን በታክሲና በካዚኖ ሥራ በሚኖሩባት በላስ ቬጋስ ነበር። በቀጣዩ ዓመት ሰኔ 27 የተፈረመው ሕግ እስከ 25,000 ዶላር የሚደርስ የዓመት ጉርሻ ግብር ከሚከፈልበት ገቢ ላይ እንዲቀነስ ፈቀደ፤ ጊዜውም እ.ኤ.አ. ከ2025 እስከ 2028 ነው። ገቢው ከ150,000 ዶላር ያለፈ ሰው ጥቅሙ እየቀነሰበት ይሄዳል፤ በሒሳቡ ላይ በግዴታ የሚታከል የአገልግሎት ክፍያም እንደ ጉርሻ አይቆጠርም። እዚያ የተነሣው ትልቁ ትችት፣ ድሮውንም የገቢ ግብር የማይደርስበት ዝቅተኛ ተከፋይ ምንም አያገኝም የሚል ነው። እዚህ ከግብር ነፃ የሆነው መነሻ 2,000 ብር ብቻ በመሆኑ ትችቱ ያን ያህል አይሠራም።

በድሬዳዋ ነገሩን አጣዳፊ ያደረገው ስልክ ነው። ቴሌብር በ2013 ግንቦት ሥራ ከጀመረ ወዲህ በእጅ የሚሰጠው ጉርሻ ወደ ስልክ እየዞረ ነው። ጥሬው ብር ዱካ የለውም፤ በስልክ የተላከው ግን ቀኑና መጠኑ ተመዝግቦ ይቀመጣል። ሕጉ ካልለየው ግብር የሚያርፈው ብዙ ባገኘው ላይ ሳይሆን ደንበኛው ኪሱ ውስጥ ዝርዝር ባጣበት ሠራተኛ ላይ ይሆናል።

ስለዚህ ከሚኒስቴሩ የሚጠበቀው ሁለቱን ገንዘቦች በመመሪያ መለየት ነው። ደንበኛው ወዶ የሰጠው፣ በእጅም ይሁን በስልክ፣ እስከ ተወሰነ የወር ጣሪያ ነፃ ይሁን፤ ከጣሪያው በላይ ያለው በዓመት አማካይ ይሰላ። በደረሰኝ ላይ የሚታከለው የአገልግሎት ክፍያ ግን ቀጣሪው ሰብስቦ የሚያከፋፍለው ስለሆነ ግብር ይከፈልበት፤ ግብር ከተከፈለበት ደግሞ ለጡረታም ይታሰብ፤ ይህ የአዋጅ ማሻሻያ ስለሚፈልግ ለምክር ቤቱ ይቅረብ። ሠራተኞቹ ነፃ መብቱን የሚያገኙለት ቀጣሪ ደመወዝ እንዳልቀነሰ በየወሩ ለግብር መሥሪያ ቤቱ ከሚያቀርበው የደመወዝ መዝገብ ሊታይ ይችላል፤ ለዚህ አዲስ ቅጽ አያስፈልግም።