በነፃ ሌላ፣ ነፃ ሌላ

«በቃል ያለ ይረሳል፣ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል» ይላሉ አባቶቻችን። አባቶቻችን ግን ኢሜይል አልነበራቸውም። ቢኖራቸው ኖሮ ተረቱ ላይ አንድ ነገር ይጨምሩበት ነበር፤ «ኮምፒውተሩ ፎርማት እስኪደረግ ድረስ» ብለው።

ለቀልድ አይደለም። ከመካከላችን የአንዱ አባት ጅዳ ውስጥ ሹፌር ነበሩ። ከ1998 እስከ 2002 ዓ.ም. ባሉት ዓመታት፣ ዓርብ ዓርብ ኢንተርኔት ካፌ እየገቡ ለቤተሰባቸው ደብዳቤ ይጽፉ ነበር። አማርኛውን በላቲን ፊደል ነበር የሚጽፉት። ያኔ ዊንዶውስ ኤክስፒ ላይ በራሳችን ፊደል የተጻፈ መልእክት አብዛኛውን ጊዜ የሚደርሰው ተደርድሮ የቆመ ባዶ ሣጥን ሆኖ ነበራ! ቤት ያለችው ኮምፒውተር አውትሉክ ኤክስፕረስ ነበራት። የስልክ መስመሩ እየጮኸ ይገናኛል፣ ደብዳቤው ይወርዳል፣ መስመሩ ይዘጋል። ከዚያ ልጅ ያነባል፣ እናት ይሰማሉ።

በ2003 ዓ.ም. ኮምፒውተሯ ተንቀራፈፈችና ወደ ዊንዶውስ 7 ትሻገር ተባለ። ሠሪው ጨዋ ልጅ ነበር፤ «የሚፈለግ ፋይል አለ?» ብሎ ጠይቋል። «ዴስክቶፕ ላይ ያለውን ፎቶና ዘፈን ብቻ ያዝልኝ» ተባለ። ጓደኛችን ያላወቀው ነገር ይኼ ነው፦ አውትሉክ ኤክስፕረስ ደብዳቤ የሚያስቀምጠው ዴስክቶፕ ላይ ሳይሆን ሲ ድራይቭ ውስጥ፣ በተደበቀ ፎልደር ነበር። ደብዳቤውን ካወረደ በኋላ ደግሞ፣ «ተወው» ብለው ካላዘዙት በስተቀር፣ ከሰርቨሩ ላይ ያጠፋዋል። ስለዚህ በዓለም ላይ የነበረው አንድ ቅጂ ብቻ ነው። እሱም በግማሽ ሰዓት ውስጥ ተጠረገ።

አባትየው በ2008 ዓ.ም. አረፉ። እናት እስከ ዛሬ በዓል በመጣ ቁጥር «እስቲ ከአባትህ ደብዳቤዎች አንዷን አንብብልኝ» ይላሉ። ልጁ መልስ የለውም።

ጥፋቱ የማን ነው? የሠሪው አይደለም፣ ጠይቋል። የእኛ ነው። እኛ ማለት ኮምፒውተር ስንገዛ የግራፊክ ካርዱን፣ የራሙን፣ የስክሪኑን ስፋት ተከራክረን የምንገዛ፣ ደብዳቤያችን የት እንደሚተኛ ግን አንድ ቀን ጠይቀን የማናውቅ ትውልድ ነን። ኮምፒውተሩ ውስጥ ተጭኖ የመጣውን ሁሉ እንደ ዕጣ ፈንታ እንቀበላለን።

ይህንን ዛሬ የምናነሳው ያለ ምክንያት አይደለም። ዊንዶውስ 10 እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 14 ቀን 2025 መደበኛ ድጋፉ አብቅቷል። ኮምፒውተሩ የቻለለት ወደ ዊንዶውስ 11 እየተሻገረ ነው፤ ያልቻለለት (ከእኛም መሐል ብዙዎቻችን) አሮጌውን ይዞ ይጸልያል፣ ወይም ሊነክስ ይሞክራል። በዚህ ሁሉ ግርግር መሐል ሰው ሁሉ የሚጠይቀው አንድ ነው፦ «ኢሜይሌን በምን ልክፈት?» የሚያገኘውም መልስ አንድ ነው፦ «አብሮት የመጣውን ተጠቀም፣ በነፃ ነው።»

እንግዲህ ጠባችን ከዚች «በነፃ» ከምትባል ቃል ጋር ነው።

አማርኛችን ብልህ ቋንቋ ነው። «በነፃ» እና «ነፃ» አንድ አይደሉም። ሠርግ ላይ የምንበላው ምግብ በነፃ ነው። ነፃ ግን ጌታ የሌለው፣ ሲፈልግ የሚሄድ፣ ሲፈልግ የሚቀመጥ ነው። ሶፍትዌር በነፃ ሆኖ ነፃ ላይሆን ይችላል። በመሐላቸው ያለችው ልዩነት አንዲት «በ» ናት፤ የአንድ አባት የአራት ዓመት ደብዳቤ ግን በዚያች ክፍተት ሾልኮ ሊጠፋ ይችላል።

እስቲ ከዊንዶውስ ጋር አብሮ የመጣውን «በነፃ» ታሪክ እንቁጠረው። በ2001 የወጣው ኤክስፒ አውትሉክ ኤክስፕረስን ይዞ መጣ (ከዚህ በኋላ ያሉት ዓመቶች በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው)። በ2007 ቪስታ መጣና አውትሉክ ኤክስፕረስ ቀርቶ ዊንዶውስ ሜይል ሆነ። በ2009 ዊንዶውስ 7 ሲመጣ ጭራሽ የኢሜይል ፕሮግራም የሚባል ነገር አልነበረውም፤ ዊንዶውስ ላይቭ ሜይል የሚባለውን ለብቻው አውርዱ ተባልን። የእሱም ድጋፍ በጃንዋሪ 2017 ተቋረጠ። በ2012 ከዊንዶውስ 8 ጋር ሜይል የሚባል ሌላ መተግበሪያ ብቅ አለ፣ በ10 ውስጥም ቀጠለ፣ በዲሴምበር 31 ቀን 2024 እሱም ተዘጋ። አሁን «አዲሱ አውትሉክ» ተረኛ ነው።

በ23 ዓመት ውስጥ አምስት ቤት! አዲስ አበባ ውስጥ ቤት ተከራይቶ የኖረ ሰው ይህን ታሪክ ያውቀዋል። «ልጄ ከውጭ ልትመጣ ነው፣ ልቀቁልኝ» የሚለውን ማለታችን ነው። ልዩነቱ፣ የቤት አከራይ ቢያንስ ዕቃችሁን እስክታወጡ ይጠብቃችኋል።

አዲሱ አውትሉክስ? ጥሩ ጎን የለውም አንልም። መልኩ ያምራል፣ ቀን መቁጠሪያው ይመቻል። ነገር ግን ሳይከፍሉ ለሚጠቀሙት ሰዎች ማስታወቂያ ያሳያል፤ ያውም ከደብዳቤዎቹ ጋር ተሰልፎ፣ ደብዳቤ መስሎ። ከዚያ የሚብሰው ሁለተኛው ነው። የጂሜይል፣ የያሁ ወይም የመሥሪያ ቤታችሁን አድራሻ ስታስገቡበት፣ ደብዳቤያችሁ ከሰርቨሩ ወደ ኮምፒውተራችሁ በቀጥታ አይመጣም፤ በማይክሮሶፍት ክላውድ በኩል ዞሮ፣ እዚያ ቅጂው ተቀምጦ ነው የሚመጣው። በኖቬምበር 2023 አንድ የጀርመን የቴክኖሎጂ መገናኛ ብዙኃን፣ አይማፕ በሚባለው መንገድ ለሚገቡ አድራሻዎች የይለፍ ቃሉ ጭምር ወደ ኩባንያው ሰርቨር እንደሚሄድ ሲያጋልጥ፣ የሀገሪቱ የመረጃ ጥበቃ ኮሚሽነር ሳይቀሩ «አሳሳቢ ነው» አሉ። ፕሮግራሙ «ከክላውድ ጋር ይመሳሰላል» ብሎ ፈቃድ ይጠይቃል፤ እውነት ነው። ግን ስንቶቻችን ነን አንብበን «እሺ» የምንል?

ጎረቤት «ፖስታ ቤት ልሂድልህ» ቢላችሁ ደስ ይላችኋል። «ቁልፍህን ስጠኝ፣ ደብዳቤህን እኔ ቤት አስቀምጬ ቅጂውን አመጣልሃለሁ» ቢላችሁስ? በነፃ እኮ ነው!

አሁን ደግሞ ወደ ራሳችን። «እኔ ኦሪጅናሉን አውትሉክ ነው የምጠቀመው» የምትል ወገን፣ ከየት አመጣኸው? ክራኩን ከጓደኛህ ፍላሽ ላይ ገልብጠህ አይደለም እንዴ? ይህም «በነፃ» ነው፣ ነፃ ግን አይደለም። ከክራኩ ጋር ምን ተጣብቆ እንደመጣ አታውቅም፤ አፕዴት ለማድረግ ትፈራለህ፤ ነገ ፕሮግራሙ አልከፈትም ቢልህ ለማን አቤት ትላለህ? በገዛ ደብዳቤህ ላይ ሌባ ሆነህ ትኖራለህ። የሰው ወርቅ አያደምቅ ይባል የለ?

ታዲያ ምን ይሻላል? እኛ የምንለው ተንደርበርድ ነው። ምክንያታችንን እንዘርዝር።

አንደኛ፣ በነፃም ነው፣ ነፃም ነው። የተሠራበት ኮድ ለሁሉም ክፍት ነው፤ ማንም አንብቦ ሊፈትሸው፣ ሊያሻሽለው፣ ገልብጦ ሊያከፋፍለው ይችላል። ክራክ አያስፈልገውም። የሚተዳደረው በዋናነት ተጠቃሚዎቹ ወደው በሚሰጡት መዋጮ ነው። ዕቁብና ዕድር ለሚያውቅ ሕዝብ ይህ እንግዳ አሠራር አይደለም።

ሁለተኛ፣ ባለቤቱ ሲሰለቸው አልሞተም። የመጀመሪያው ተንደርበርድ 1.0 በዲሴምበር 2004 ወጣ። በ2012 ሞዚላ «ከእንግዲህ ዋና ትኩረታችን አይደለም» ብሎ ገሸሽ አለ። ሌላው ፕሮግራም ቢሆን ቀብሩ በዚያው ነበር። ኮዱ ክፍት ስለሆነ ግን በጎ ፈቃደኞች ተረከቡት፤ በ2020 በሞዚላ ፋውንዴሽን ሥር የራሱ ድርጅት ተቋቋመለት፤ በ2023 መልኩ ታድሶ ወጣ፤ በ2024 የአንድሮይዱም መጣ። አከራዩ ጥሎት ሲሄድ ተከራዮቹ ያቆሙት ቤት ነው እንግዲህ።

ሦስተኛ፣ ወደ ዊንዶውስ 11 ብትሻገሩም፣ በ10 ብትቆዩም፣ ሊነክስ ብትጭኑም፣ ማክ ብትገዙም አብሯችሁ ይሄዳል። ደብዳቤያችሁ፣ አድራሻዎቻችሁ፣ ቅንብራችሁ ሁሉ ፕሮፋይል በሚባል አንድ ፎልደር ውስጥ ነው። ገልብጣችሁት ወደ ሌላ ኮምፒውተር ማዛወር ትችላላችሁ። ደብዳቤዎቹ የሚቀመጡበት ፎርማትም ሌሎች ብዙ ፕሮግራሞች የሚያነቡት፣ የታወቀ ፎርማት ነው። ነገ ተንደርበርድ ራሱ ቢያስጠላችሁ በሩ ክፍት ነው። ነፃ ማለት ይኼ ነው፤ መግባት ብቻ ሳይሆን መውጣትም የሚቻልበት።

መልስ የሚፈልጉ ተቃውሞዎች እንዳሉ እናውቃለን።

«ጂሜይልን በብራውዘር ከፍቼ አነባለሁ፣ ፕሮግራም ምን ያደርግልኛል?» ጥያቄው ተገቢ ነው፤ እኛም አብዛኛውን ቀን እንደዚያው ነን። ግን ሁለት ነገር አስቡ። ጉግል ከዲሴምበር 2023 ጀምሮ ለሁለት ዓመት ማንም ያልገባባቸውን የግል አካውንቶች ከነደብዳቤያቸው ማጥፋት ጀምሯል። የሞተ ሰው አካውንቱን አይከፍትም! ሁለተኛውን ደግሞ ከእኛ በላይ የሚያውቅ የለም። ሰኔ 23 ቀን 2012 ዓ.ም. ኢንተርኔት ሲዘጋ ለሦስት ሳምንት ገደማ ሀገር በሙሉ ጨለማ ውስጥ ገባ። በዚያ ሰሞን ውሉን፣ የትምህርት ማስረጃውን፣ የቪዛ ቀጠሮውን በኢሜይል ያስቀመጠ ሰው ስክሪኑን እያየ ተቀመጠ። ደብዳቤውን ኮምፒውተሩ ላይ ያወረደ ግን መላክ ባይችል እንኳ ማንበብ ይችል ነበር። ደብዳቤ ቤት ውስጥ ማስቀመጥ ለእኛ ቅንጦት አይደለም።

«ኢሜይል የሽማግሌ ነው፣ እኛ ቴሌግራም ላይ ነን።» ይሁን። የሥራ ማመልከቻ፣ የስኮላርሺፕ ደብዳቤ፣ የኤምባሲ ምላሽ፣ የባንክ ማስታወቂያ በምን ይመጣል? ሕይወታችንን የሚቀይሩት ደብዳቤዎች አሁንም በኢሜይል ናቸው።

«የኮምፒውተሩ ዲስክ ቢበላሽስ? ኮምፒውተሩ ቢሰረቅስ?» ይህ ከሁሉም ጠንካራው ነው፤ የጓደኛችንም ታሪክ የሚመሰክረው ይህንኑ ነው። አውትሉክ ኤክስፕረስ ደብዳቤውን ቤት አምጥቶለት ነበር እኮ! የጎደለው ሁለተኛ ቅጂ ነው። ስለዚህ ፕሮግራም መምረጥ ብቻውን አያድንም። ተንደርበርድን ጭኖ የተኛ ሰውና ክላውድ ላይ ጥሎ የተኛ ሰው ልዩነታቸው የሚጠፋበት ቀን ብቻ ነው።

በተግባር የምንመክረው እንዲህ ነው። ሁለቱን መንገዶች ለዩ። ፖፕ ማለት ፖስታ ሣጥን ቁጥራችሁን ከፍታችሁ ደብዳቤውን ወደ ቤት ይዛችሁ እንደመሄድ ነው፤ ሣጥኑ ባዶውን ይቀራል። አይማፕ ማለት ደብዳቤው እዚያው ሣጥኑ ውስጥ ሆኖ፣ በስልክም በኮምፒውተርም ስታዩት አንድ ዓይነት ሆኖ መታየቱ ነው። ለዕለት ሥራ አይማፕን ምረጡ። አይማፕ ላይ ግን ከሰርቨሩ የጠፋ ከኮምፒውተሩም ይጠፋል፤ ስለዚህ የማይተኩትን ደብዳቤዎች ተንደርበርድ ውስጥ «ሎካል ፎልደርስ» በሚለው ሥር ገልብጡ። ከዚያ በወር አንድ ቀን ፕሮፋይል ፎልደሩን በሙሉ ወደ ኤክስተርናል ዲስክ ገልብጡና ዲስኩን ከኮምፒውተሩ ርቆ አስቀምጡ። ወደ አዲስ ዊንዶውስ ልትሻገሩ ስትሉ ደግሞ ይህን ከሁሉም በፊት አድርጉ፤ ሠሪው «የሚፈለግ ፋይል አለ?» ብሎ ሲጠይቃችሁ መልስ ይኑራችሁ።

ይኼ ሁሉ የአንድ ከሰዓት በኋላ ሥራ ነው። አንድ ፊልም ለማውረድ ከዚያ በላይ ጠብቀን እናውቃለን።

ስለ አባትየው ደብዳቤዎች ልንል የምንችለው ብዙ የለም። የፈሰሰ ውሃ አይታፈስም። ጓደኛችን ግን ዘንድሮ አንድ ነገር አድርጓል። እናቱ ዘንድ ቁጭ ብሎ፣ ከደብዳቤዎቹ የሚያስታውሱትን እየነገሩት ጻፈ፤ ዓርብ ስለሚበሉት ምሳ፣ ስለ ሙቀቱ፣ «ልጁ ሒሳብ እንዳይሰንፍ» ስለሚለው። ለራሱ በኢሜይል ላከው፣ በራሳችን ፊደል። አንድ ቅጂ ሰርቨሩ ላይ፣ አንድ ኮምፒውተሩ ላይ፣ አንድ ዲስኩ ላይ አለ። ሦስት ገጽ ነው የሆነው፤ ከአራት ዓመት ደብዳቤ የተረፈው።

የእናንተስ የት ነው ያለው? ዛሬ ማታ እዩት። ቸር እንሰንብት።