ቮልቱን ሳናነብ ገመዱን አንቀጥል

ከመቱ ወደ ጎሬና ወደ ቡሬ፣ ወይም በያዮ በኩል ወደ በደሌ የተጓዘ ሁሉ እንደሚያውቀው ኢሉባቦር የዝናብና የደን አገር ነው። ዝናቡ ቡናውን ያለመልማል፤ በክረምት ግን ፀሐይን ለብዙ ቀን ይሰውራል። ስለዚህ የመብራት መስመር ባልደረሰበት ቀበሌ በፀሐይና በባትሪ የሚሠራ የክትባት ማቀዝቀዣ ነገር በቸልታ የሚታለፍ አይደለም።

ክትባት ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ባለው ቅዝቃዜ መቀመጥ አለበት። የኩፍኝን ክትባት ሙቀት ያበላሸዋል፤ የመንጋጋ ቆልፍን ደግሞ በረዶ ያበላሸዋል። ሙቀት ያበላሸው መድኃኒት ሲያዩት ደኅና ይመስላል። እናት ልጅዋን አዝላ ረጅም መንገድ ተጉዛ መርፌውን ታስወጋለች፤ ልጁ ግን ከበሽታው አይድንም። እንግዲህ ማቀዝቀዣ መግዛት ብቻውን ሥልጣኔ ሊባል አይችልም።

በባትሪ የሚሠሩት ተንቀሳቃሽ ማቀዝቀዣዎች አንዳንዶቹ 12ንም 24 ቮልትንም ይቀበላሉ፤ አንዳንዶቹ 12ን ብቻ። የትንሽ መኪና ባትሪ 12 ቮልት ነው፤ በትልልቆቹ የጭነት መኪኖች ላይ ግን ሁለት ባትሪዎች ተቀጣጥለው 24 ይሰጣሉ። 12ን ብቻ የሚቀበለውን በ24 ላይ ብንቀጥለው እናቃጥለዋለን። ይህን ፈርተን ከሁለቱ ባትሪዎች ከአንዱ ብቻ ብንስብ ደግሞ አንዱ ሲደክም ሌላው ከመጠን በላይ ይሞላል፤ ሁለቱም ዕድሜያቸው ያጥራል። የሚገባው ከ24 ወደ 12 የሚያወርድ መሣሪያ በመካከል ማግባት ነው።

ገመዱም የራሱ ሕግ አለው። 48 ዋት የሚፈጅ ማቀዝቀዣ በ12 ቮልት 4 አምፔር፣ በ24 ቮልት ግን 2 አምፔር ይስባል። በአንድ ዓይነት ገመድ ላይ በሙቀት የሚባክነው ኀይል በ12 ቮልት ጊዜ አራት እጥፍ ነው። ገመዱ ቀጭንና ረጅም ከሆነ ባትሪው ሞልቶ ሳለ ማቀዝቀዣው ያለቀ መስሎት ይቆማል።

«ይህ የኤሌክትሪክ ሠራተኛ ሥራ ነው፤ ዲግሪ ያለው ሰው ገመድ አይነካም» የሚሉ ወጣቶች አይጠፉም። ነገር ግን የዕቃውን መጠየቂያ የሚፈርመው ዲግሪ ያለው ሹም ነው። ስለዚህ ከመፈረማችን በፊት እንጠይቅ፦ ዕቃው በዓለም ጤና ድርጅት ለክትባት ተፈትኗል ወይስ ለመጠጥ የተሠራ ነው? ቮልቱ ስንት ነው? ፀሐይ ሳትወጣ ስንት ቀን ያቆያል? መልሱን ሳያገኝ የፈረመ ሹም በልጆች ጤና ላይ እንደፈረመ ይቈጠራል።