«የዱሮውን ዝፈኚልን!»

ባለፈው ወር በአንዱ ቅዳሜ ማታ ማኅበራችን ባዘጋጀው የሙዚቃ ምሽት ላይ የነበራችሁ ሁሉ የሆነውን ታስታውሳላችሁ። የሦስተኛ ዓመት ተማሪ የሆነች አንዲት እኅታችን መድረክ ላይ ወጥታ፥ ሁላችንም ከልጅነታችን ጀምረን የምናውቀውን ትዝታ በማናውቀው አኳኋን መዝፈን ጀመረች። ኪቦርድ የሚመታው ልጅ ከሥሯ የሚያሰማው ድምፅ ከለመድነው ውጪ ነበር። እርሷም አንዱን ሐረግ ታስረዝማለች፥ ሌላውን ሳይታሰብ ትቆርጠዋለች፥ ቃል በሌለበት ቦታ ድምፅዋን እንደ መለከት ታደርገዋለች። ሁለት ደቂቃ ያህል ታገሥን። ከዚያ በኋላ ከኋላ ወንበሮች አካባቢ «የዱሮውን! የዱሮውን ዝፈኚልን!» የሚል ጩኸት ተነሣ፤ ፉጨትም ተከተለ። እርሷም ቆም ብላ ፈገግ አለችና፥ ለኪቦርድ መቺው በዐይኗ ምልክት ሰጥታ የዱሮውን ዘፈነችልን። አዳራሹ በጭብጨባ ተናጋ።

ከጮኹት መካከል አንዱ እኔ ነበርሁ። ሌላውን ብቻ ለመውቀስ የተነሣሁ እንዳይመስል አስቀድሜ መናገሬ ነው።

ሰኞ ዕለት በምግብ አዳራሹ ሰልፍ ላይ አገኘኋትና ይቅርታ ለመጠየቅ ያህል አነጋገርኋት። አልተቆጣችም። «ሰው የሚያውቀውን ቢጠይቅ ምን ይገርማል?» አለችኝና ሳህኗን ይዛ ተቀመጠች። ይህን ጽሑፍ ያስጻፈኝ ከዚያ በኋላ በነበረው ግማሽ ሰዓት የሰማሁት ነገር ነው። ያላስጨረስናትን ያን ዜማ ለማዘጋጀት አራት ወር ፈጅቶባታል። በየሁለት ሳምንቱ ቅዳሜ ማለዳ ከመናኸሪያ በአባዱላ ተሳፍራ አዲስ አበባ ትወጣለች፤ እዚያ አንድ መምህር አላት፤ አንድ ሰዓት ተምራ ትመለሳለች። የመሳፈሪያውንና የትምህርቱን ገንዘብ የምታገኘው በከተማው የሰው ልጆች በማስጠናት ነው። ትምህርቱን ስትጀምር በመጀመሪያዎቹ ሦስት ወራት አንድም ዘፈን አልዘፈነችም፤ ትንፋሽ ስትቈጥር፥ አንድን ድምፅ ሳይንቀጠቀጥ ይዛ ስትቆይ፥ መምህሩ ሁለት ድምፅ ባንድነት ሲመታ ሁለቱንም ለይታ ስትጠራ ከረመች እንጂ።

እኛ ግን ስለ ዘፋኝ ያለን አሳብ ሌላ ነው። «ድምፁ የእግዜር ስጦታ ነው» እንልና ነገሩን እንዘጋዋለን። ያመሰገንን ይመስለናል፤ በእውነቱ ግን የለፋበትን ሥራ ሁሉ ከላዩ ላይ ገፈን መውሰዳችን ነው። ስለ መሐንዲስ ወይም ስለ ሐኪም እንዲህ አንልም። የሚያስደንቀው ደግሞ ይህ አስተሳሰብ የአባቶቻችን አለመሆኑ ነው። የቤተ ክህነቱን ትምህርት የሚያውቅ እንደሚመሰክረው፥ የዜማ ተማሪ ድምፁ ስላማረ ብቻ መሪጌታ አይባልም። ግዕዙን፥ ዕዝሉን፥ አራራዩን ለይቶ፥ ጾመ ድጓውንና ድጓውን ከነምልክቱ እስኪያጠና ዓመታት ያልፋሉ። ከዚያም በኋላ ዝማሬ መዋሥዕት አለ፥ አቋቋም አለ፤ ለያንዳንዱ ሌላ መምህር ፍለጋ ኮቸሮውን ተሸክሞ ከአገር አገር ይዞራል፤ ድጓውን ለማስመስከር ቤተ ልሔም ድረስ ይሄዳል። ይህን ያህል የመማር ትዕግሥት የነበረው አገር፥ ማይክሮፎን የያዘችውን ልጅ ግን ከእናቷ ሆድ ተምራ እንደ ወጣች መቁጠሩ እንቆቅልሽ ነው።

በጃዝ ዓለም ይህ አሳብ ጨርሶ አይሠራም። (ከዚህ በታች የምጠቅሳቸው ዓመታት፥ ካላመለከትሁ በቀር፥ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።) ኤላ ፊትዝጀራልድ በ1938 ከቺክ ዌብ የሙዚቃ ጓድ ጋር ሆና በዘፈነችው አንድ ዘፈን አሜሪካ በሙሉ አወቃት። ገና ሃያ አንድ ዓመቷ ነበር። እዚያው ላይ ብትቆም የሚከለክላት አልነበረም፤ ያንኑ ዘፈን እየደጋገመች ልትኖር ትችል ነበር። እርሷ ግን በ1940ዎቹ ዓመታት ከዲዚ ጊሌስፒ ጋር ስትሠራ፥ ያን ጊዜ ቢባፕ የሚባለው አዲስ አጨዋወት ሲወለድ፥ መለከቶቹ የሚያደርጉትን በጉሮሮዋ ለማድረግ እንደ ጀማሪ ተማሪ ቁጭ ብላ አዳመጠች። ዛሬ ዓለም የሚያደንቅላት ቃል አልባው አዘፋፈን ያደገው በዚያ ትምህርት ነው። ዝና ካገኘች በኋላ ተመልሳ ተማሪ ሆነች ማለት ነው።

ወደ አገራችን ስንመለስ፥ ሙላቱ አስታጥቄን የማያውቅ አንባቢ የለም። በ1943 ጅማ ተወልዶ፥ መሐንዲስ እንዲሆን ወደ ዌልስ ተልኮ፥ ሙዚቃ አሸንፎት ለንደን ትሪኒቲ ኮሌጅ፥ ከዚያም ቦስተን በርክሊ የተማረ ሰው ነው፤ ከአፍሪካ የመጣ የበርክሊ የመጀመሪያ ተማሪ እርሱ እንደ ነበር ይነገራል። የኢትዮ ጃዝ አባት ከተባለም በኋላ መማር አላቆመም፤ በ2007 እና በ2008 ሃርቫርድ ገብቶ ምርምር ሲያደርግ ዕድሜው ከስድሳ አልፎ ነበር። በ2025፥ ሰማንያ ዓመት አልፎት፥ የራሱን የቀድሞ ድርሰቶች እንደ አዲስ ቀምሮ አልበም አወጣባቸው። የዱሮውን እንደ ዱሮው ማስቀረጽ ምንኛ ይቀለው ነበር!

እኔን ይበልጥ የሚያስገርመኝ ግን ይኸው ሰው ለአንዲት ድምፃዊት ያቀረበላት ጥያቄ ነው። መክሊት ሀደሮ በ1980 አዲስ አበባ ተወልዳ አሜሪካ ያደገች ናት። የተማረችው በዬል ዩኒቨርሲቲ የፖለቲካ ሳይንስ ነው፤ ሙዚቃን በሙሉ ልቧ የያዘችው ከዚያ በኋላ ሳን ፍራንሲስኮ ገብታ ነው። (የአርት ፋኩልቲ ወንድሞቼ፥ እስቲ ቀና በሉ!) በ2011 አዲስ አበባ መጥታ ስትዘፍን ሙላቱ ሰማት። እንደ ልማዳችን «ድምፅሽ ያምራል» ብሎ ሊሸኛት ይችል ነበር። እርሱ ግን ለዚህ ሙዚቃ የራስሽ አስተዋጽኦ ምን ይሆናል፥ ከእኛ በኋላ ወዴት ታደርሽዋለሽ ብሎ ያዛት። መክሊት ይህ ጥያቄ ለዓመታት አብሯት እንደ ኖረ ራሷ ተናግራለች፤ ዋናው መልሷም በ2017 ባወጣችው አልበም ተሰማ። በመካከሉ ስድስት ዓመት አለ። በእነዚያ ዓመታት ምን ታደርግ እንደ ነበር ለማወቅ የሚፈልግ፥ በ2015 ያደረገችውን ንግግር ፈልጎ ይስማ፤ የወፎችን ድምፅ፥ የድስት ክዳንን፥ እኛ አማርኛ ተናጋሪዎች «እንዴ!» ስንል የሚወጣውን ዜማ ሳይቀር እንደ ተማሪ እየሰበሰበች ትመረምር ነበር። «እንዴ» ዜማ እንዳላት እኔ በበኩሌ አስቤው አላውቅም።

አሁን ደግሞ ወደዚያች ቅዳሜ ልመለስና፥ እኅታችን አራት ወር ሙሉ ስትታገለው የነበረው ነገር ምን እንደ ሆነ እርሷ እንዳስረዳችኝ ላስረዳ። የትዝታ ቅኝት አምስት ድምፅ አለው፤ ዶ፥ ሬ፥ ሚ፥ ሶል፥ ላ እንበላቸው። ፋ እና ሲ የሉበትም። የጃዝ ኪቦርድ መቺ ግን ዐሥራ ሁለቱንም ድምፅ እየቀላቀለ ኮርድ ይሠራል። ከዘፋኟ ሥር ፋ ወይም ሲ ያለበት ኮርድ ሲመጣ ጆሮዋ ወደዚያ ይሳባል። ከተሳበች ትዝታው ጠፋ። አልሳብም ብላ ጆሮዋን ከደፈነች ደግሞ ኮርዱን አልሰማችውም ማለት ነው፤ ሁለቱ ባንድ መንገድ የሚሄዱ የማይተዋወቁ መንገደኞች ይሆናሉ። ስለዚህ አምስቱን አጥብቃ ይዛ ዐሥራ ሁለቱን መስማት አለባት፤ ይህንንም እያደረገች ቃሉ እንዳይጠፋ፥ ትንፋሹም እንዳይቆረጥ መጠንቀቅ አለባት። በአንቺ ሆዬ ቅኝት ነገሩ ይብሳል ትላለች፤ እስካሁንም አልደፈረችውም። እንግዲህ ከኋላ ወንበር ሆነን በፉጨት ያቋረጥነው ይህንን ነው።

«ጃዝ የፈረንጅ ነው፤ ትዝታችንን ለምን ታበላሽብናለች?» የሚሉ ጓደኞች አሉኝ። በቅንነት የሚናገሩ ስለ ሆነ በቅንነት ልመልስ። እኛ «የዱሮው» ብለን የጮህንለት ትዝታ እኮ ሳክስፎንና ቤዝ ጊታር ያለበት ነው። ሳክስፎን ላሊበላ አልተወቀረም። ራስ ተፈሪ በ1924 ከኢየሩሳሌም አርባ የአርመን ልጆች አስመጥተው የመለከት ጓድ ባያቋቁሙ፥ መምህራቸው ኬቮርክ ናልባንዲያን፥ ኋላም የወንድሙ ልጅ ነርሲስ ናልባንዲያን የአገራችንን ዜማ ለትልቅ ጓድ ባያቀነባብሩ፥ የክቡር ዘበኛና የፖሊስ ሠራዊት ሙዚቀኞች በየማታው ባይማሩና ባይለማመዱ፥ ያ የዱሮ የምንለው አልነበረም። አያቶቻችን የሰሙት ትዝታ በክራርና በማሲንቆ ነበር። በ1960ዎቹ አዳራሽ ውስጥ የተቀመጠው ሰው ሁሉ እንደ እኛ «የዱሮውን!» ብሎ ጮኾ ዘፋኙም ቢሰማው ኖሮ፥ እኛ ዛሬ የምንጮህለት ነገር አናገኝም ነበር።

የከተማችንንም ነገር አንዘንጋ። አዳማ የመንገድ ከተማ ናት፤ ከአዲስ አበባ፥ ከድሬዳዋ፥ ከአሰላ፥ ከሻሸመኔ የሚመጣው ሁሉ ያርፍባታል፤ ቅዳሜና እሑድ በየሆቴሉ ሙዚቃ አለ። ነገር ግን በነዚያ መድረኮች የሚሠሩት ወጣቶች ሌሊቱን ሙሉ የሚዘፍኑት የሌላውን ዘፈን ነው፤ እንግዳው የሚከፍለው ለሚያውቀው ነውና። አልፈርድባቸውም፤ እንጀራ ነው። ግን አንድ ልጅ በሃያ ዓመቱ የጥላሁንን፥ በሃያ አምስቱም የጥላሁንን፥ በሠላሳውም የጥላሁንን ሲዘፍን የራሱን መቼ ይማራል? ድሬዳዋ የተወለደው ዓሊ ቢራ በአፍራን ቀሎ ጓድ ገና በልጅነቱ ጀምሮ፥ ወደ ክቡር ዘበኛ ጓድ ገብቶ፥ ዑዱን ይዞ፥ በኦሮምኛ ብቻ ሳይሆን በብዙ ቋንቋ እየዘፈነ፥ በየአገሩ እየኖረና አጨዋወቱን እየለወጠ ዕድሜውን የጨረሰ ሰው ነው። በእኛ አቆጣጠር ጥቅምት 27 ቀን 2015 ዓ.ም. ያረፈው እዚሁ አዳማ ሆስፒታል ሲታከም ሳለ ነው። ያን ሰሞን ከተማው በሙሉ ዘፈኖቹን ሲያሰማ ነበር፤ የመጀመሪያዎቹንና የመጨረሻዎቹን አከታትሎ ለሰማ፥ በመካከላቸው ስንት መንገድ እንደ ተሄደ ሳይነግሩት ይገባዋል።

መለማመጃ ያጣ ሙዚቀኛ ምን እንደሚሆን ደግሞ የዋልያስ ጓድ ታሪክ ያስተምራል። በ1981 ወደ አሜሪካ ከሄዱት መካከል ግርማ በየነ፥ ያ ስንቱን ዘፈን ያቀነባበረ፥ በለስላሳ ድምፁም የዘፈነ ሰው፥ ለረጅም ዘመን ከሙዚቃ ርቆ ኖረ፤ አዲስ አልበሙን ከአንድ የፈረንሳይ ጓድ ጋር የሰማነው በ2017 ነው። ኀይሉ መርጊያም፥ ዘፋኝ ባይሆን፥ እዚያው ቀርቶ በዋሽንግተን ታክሲ ነጂ ሆነ። ግን ኪቦርዱን የመኪናው ዕቃ መጫኛ ውስጥ ያስቀምጥ ነበር፤ ተሳፋሪ እስኪመጣ በሚጠብቅበት ሰዓት አውጥቶ ይለማመዳል። በ2018 አዲስ አልበም ሲያወጣ ጣቶቹ ዝግጁ የነበሩት ስለዚህ ነው። የግርማን ዝምታ ሳስብ አዝናለሁ እንጂ አልወቅሰውም፤ ሰው ሁሉ እንደ ኀይሉ በመኪና ማቆሚያ ውስጥ ትምህርት ቤት መክፈት አይችልም።

ይህንን ሁሉ ያመጣሁት ለአንድ ተራ ጉዳይ ነው። ለዚያች ማታ ኪቦርዱ የመጣው ከከተማ በኪራይ ነበር። ነገር ግን ማኅበራችን የራሱ ኪቦርድ አለው! ባለፈው ዓመት የተመረቁት ወንድሞቻችን አዋጥተው ገዝተው ያስረከቡት ነው። ያለበትም ቦታ ከማኅበሩ ጽሕፈት ቤት ጎን፥ በአሮጌ ወንበሮችና በመፈክር ጨርቆች መካከል፥ በቁልፍ ነው። ለምን እንደማይወጣ ስጠይቅ «ይበላሻል» ተባልሁ። ሳይነካ የተቀመጠ ኪቦርድ በአዳማ ሙቀትና አቧራ እንደማይበላሽ ማን ነገራቸው? የማኅበሩን የሥራ አስፈጻሚዎች የምጠይቀው፥ በሳምንት ሦስት ማታ፥ ከአሥራ ሁለት እስከ ሁለት ሰዓት፥ ያ ክፍል ተከፍቶ መዝፈንና መምታት ለሚፈልግ ሁሉ መለማመጃ እንዲሆን ነው። ወንበሮቹን የሚያወጣ ሰው ከጠፋ እኔ አለሁ፤ ከኋላ ወንበር ከጮኹት መካከልም ቢያንስ አራቱን በስማቸው ስለማውቃቸው ይዣቸው እመጣለሁ።

ሁለተኛው ልመና ለእናንተ ለአንባቢዎቼ ነው። በሚቀጥለው የሙዚቃ ምሽት ያቺ እኅታችን ትዝታውን ከመጀመሪያው እንደገና ለመዝፈን አስባለች። ስድስት ደቂቃ ይፈጃል። ካልወደድነው ሲያልቅ አለማጨብጨብ እንችላለን፤ መብታችን ነው።

እስከዚያው ድረስ፥ የምትለማመደው ከሴቶች መኝታ ቤት በስተኋላ ባለው የልብስ ማጠቢያ ቤት ነው፤ ሌሊት ከአራት ሰዓት በኋላ፥ ውኃው ሲቋረጥና ሰው ሲጠፋ። ግድግዳው ባዶ ስለ ሆነ ድምፅ ጥሩ ይመልሳል ትላለች።