ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ

በቪዲዮ ጨዋታ ጉዳይ ብዕር ማንሣቴ የሚያስገርመው አንባቢ እንደሚኖር አውቃለሁ። እኔ በሰው አገር ተምሬ በሰው አገር የሸበትሁ ሐኪም ነኝ፤ ጨዋታውን የማውቀው ከልጄ ክፍል በሚሰማው ድምፅ ብቻ ነው። የመዋጥን ሕመም ግን አሳምሬ አውቀዋለሁ። እሠራበት የነበረውን ሆስፒታል አንድ ትልቅ ድርጅት በገዛው ዕለት «ምንም የሚለወጥ ነገር የለም» ተባልን። ዓመት ሳይሞላ የማዋለጃው ክፍል ተዘጋ።

ማይክሮሶፍት አክቲቪዥን ብሊዛርድን በ68.7 ቢሊዮን ዶላር እንደሚገዛ ያስታወቀው እ.ኤ.አ. በጥር 2022 ነበር። የአሜሪካው ፌዴራል የንግድ ኮሚሽን ከሰሰ፤ በሐምሌ 2023 ዳኛዋ የእግድ ጥያቄውን ውድቅ አደረጉት። የብሪታንያው የውድድር ባለሥልጣንም በሚያዝያ እምቢ ካለ በኋላ፣ ጨዋታዎቹን በኢንተርኔት የማሠራጨቱ መብት ለዩቢሶፍት ሲሰጥ እሺ አለ። ግዢው በጥቅምት ተፈጸመ። በጥር 2024 ከማይክሮሶፍት የጨዋታ ክፍል 1,900 ሠራተኞች እንደሚሰናበቱ ተነገረ። ኮሚሽኑም በየካቲት ለይግባኝ ሰሚው ፍርድ ቤት አቤት አለ። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ!

«ሶኒ ይበልጠዋል፤ ተከታዩ ቢጠናከር ውድድሩ ይደምቃል» የሚሉ አሉ። ክርክሩ ባዶ አይደለም፤ «ኮል ኦፍ ዱቲ» ከሶኒ መሣሪያ እንዳልተነጠቀ እመሰክራለሁ። ማይክሮሶፍትም አክቲቪዥን ብቻውን ቢቀር እንኳ ሠራተኛ ሊቀንስ አስቦ እንደ ነበር ተከራክሯል። ነገር ግን የውድድር ጤንነት የሚለካው በግዙፎቹ ቁመት ብቻ ነውን? ቀደም ብሎ በ2021 በሌላ ግዢ በማይክሮሶፍት እጅ የገባው የቶኪዮው ታንጎ ጌምወርክስ፣ በ2023 «ሃይ-ፋይ ረሽ»ን አውጥቶ ተሸለመ፤ በ2024 ግን እንዲዘጋ ተፈረደበት። ያነሣው ክራፍተን የተባለ የኮሪያ ኩባንያ ነው። በጥቅምት 2025 ደግሞ የ«ጌም ፓስ አልቲሜት» የወር ክፍያ በአሜሪካ ከ19.99 ወደ 29.99 ዶላር ዘለለ። ተጫዋቹን ይጠቅማል የተባለው ይህ ነበር?

በሙያዬ፣ አዲስ መድኃኒት ደኅንነቱን የሚያስረዳው ሠሪው እንጂ በሽተኛው አይደለም። እንዲህ ባለ ግዢም የማስረዳቱ ሸክም በገዢው ጫንቃ ላይ ይውደቅ፤ ያውም ከፊርማው በፊት። አስከሬን ከተመረመረ በኋላ የሚጻፍ ማዘዣ ማንንም አድኖ አያውቅም።